«እሳት» ለሕጻናት ተስማሚ ነው ላሉት ለተከበሩ ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ብዙነህ
የሰፈራችን የልጆች ጨዋታ መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዳማ

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የዘንድሮው ሙቀት እንዳያደክምዎ፣ የከተማችን ነፋስ አቧራውን ይዞ ወደ ቢሮዎ እንዳይገባ፣ በተለይም የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅብዎ ዘወትር እመኛለሁ።

እኔ ዋፊቃ እባላለሁ፤ ከገበያው ዝቅ ብሎ የመጋረጃና የአንሶላ ጨርቅ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ጠሃ ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ ጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሑስና የምትባል የአራተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለችን። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በቃል ያመለከትኩት ነገር በሥራ ብዛት ተዘንግቶ እንደሆነ በማሰብ፣ አቤቱታዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ምርመራችሁ ፈጣን በመሆኑ አመሰግናለሁ። ልጄ ከምትማርበት ትምህርት ቤት አጠገብ ፍሬዘር የሚባል ወጣት ጌም ቤት አለው። ኮሚቴዎ እዚያ ቤት ተገኝቶ፣ ልጆቹ በአጭሩ «እሳት» የሚሉት አዲስ ጨዋታ ለሕጻናት ይሆን እንደሆነ መርምሯል። ፍሬዘር እንደነገረኝ ጨዋታው ሲጀምር አንድ ሰው በእርሻ መካከል መኪና መንዳት ይለማመዳል፤ ሐብሐብ ይጭናል፤ ፍየሎች መንገድ እስኪሻገሩ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ጠባብ ድልድይ ላይ መኪናውን ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ከተከበሩት አባላት መካከል ይህን የቻለ አልተገኘም። መኪናው ደጋግሞ ወንዝ ውስጥ ከገባ በኋላ የምሳ ሰዓት ስለደረሰ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው ከድልድዩ ወዲህ ካለው እንደማይለይ በአንድ ድምፅ ተስማምታችሁ ተነሣችሁ። በማግሥቱም «ጨዋታው ትዕግሥትን፣ የሥራ ፍቅርንና የመንገድ ሥርዓትን ስለሚያስተምር ለሕጻናት ተስማሚ ነው» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በሩ ላይ ተለጠፈ። ፍየሎቹን በተመለከተ ፍርዳችሁ እንከን የለውም።

ሁለተኛ፣ በማኅተሙ ከተማመኑት እናቶች አንዷ በመሆኔ እኮራለሁ። ሑስና ከትምህርት ስትወጣ ልጫወት ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ኮሚቴ ያየው ነገር ነው፤ ሂጂ» አልኳት። ከድልድዩ ማዶ ያለውን እርስዎ ስላላዩት ላስረዳዎት ይፍቀዱልኝ። እዚያ ተጫዋቹ ሽፍታ ይሆናል። የጭነት መኪና አስቁሞ ሹፌሩን ከጋቢናው ጎትቶ ያወርዳል፤ ሹፌሩም እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ይለምናል። ያን ጊዜ ምርጫ ይቀርባል፤ ወይ መልቀቅ፣ ወይ ከነመኪናው ማቃጠል። የለቀቀ ትንሽ ነጥብ ያገኛል፤ ያቃጠለ ብዙ። ሑስና ደግሞ ነጥብ ትወዳለች፤ በትምህርቷም እንደዚያው ናት።

በዚያው ሰሞን ጠሃ ከጅቡቲ ተመልሶ ቤት አደረ። ጠዋት ጭነት ለማንሣት ወደ ሞጆ ሊወጣ ሲል ልጅቷ ጠፋች። ስንፈልጋት ለካ ደጃፋችን በቆመው መኪና ጋቢና ገብታ በሩን ከውስጥ ቆልፋለች።

ጠሃ መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር የያዘው። «ውረጂ እንጂ የኔ እናት፣ ተራዬ ያልፍብኛል» አላት። በመስታወቱ ውስጥ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዱ ሊያባብል፣ ሌላው ሊቆጣ ሞከረ። ብዙ ቆይታ መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አደረገችና «ሰውዬው ያንተን ዓይነት ኮፍያ ነው ያደረገው» አለችው።

«የቱ ሰውዬ?» አላት።

«ያቃጠልኩት። እንዳላቃጥለው ለምኖኝ ነበር፣ አባዬ።»

አቶ ብዙነህ፣ ባለቤቴ በጅቡቲ መንገድ ላይ የጥይት ድምፅ ሰምቶ ቤት ሲገባ እየሳቀ የሚያወራ ሰው ነው። ያን ጠዋት ግን አልሳቀም። መለዋወጫ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ በሩን ከፍቶ ሊያወርዳት ይችል ነበር፤ አልነካውም። የመኪናው መውጫ ደረጃ ላይ ተቀመጠና ራሷ እስክትከፍት ጠበቃት። የጭነት ተራውም አለፈው። እኔ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ሦስተኛ፣ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ስላሳዩኝ መስተንግዶ እግዜር ይስጥልኝ። ሻይ አስመጥተውልኛል፤ ወንበር ስበውልኛል። ነገሩን ከነገርኩዎት በኋላም በእርጋታ «እህቴ፣ የሚቃጠለው እኮ የውጭ አገር መኪና ነው፤ ሹፌሩም የእኛ ሰው ስላልሆነ ልጆች አያዝኑለትም» ብለው አጽናኑኝ። ልጆቻችን ለባዕድ ሰው እንዳያዝኑ አድርገን ማሳደግ መቻላችንን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። አክለውም ጨዋታን ለመመዘን ሥልጠና ወስጄ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልወሰድኩም አልኩ። «እኛ ወስደናል» አሉኝ። ሻዩ ጣፋጭ ነበር።

አራተኛ፣ ሥልጠና እንደሚያስፈልገኝ ስላመላከቱኝ ባለውለታዬ ነዎት። ከቢሮዎ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ፍሬዘር ሄድኩና አስተምረኝ አልኩት። ፍሬዘር ሰንበት በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ የሚዘምር ጭምት ልጅ ነው። ሒጃቤን አስተካክዬ መጫወቻውን ሳነሣ ግራ ገባው፤ ሆኖም «ቀስ ብለሽ ያዢው፣ እትዬ» ብሎ አሳየኝ። ሱቄን ለምሳ በምዘጋበት ሰዓት እየሄድኩ ለመድኩት። ድልድዩ እኔንም አስቸግሮኛል፤ ወንዙን ከእርስዎ ባላነሰ ጎብኝቼዋለሁ። የባለቤቴን ምክር ጠይቄ መሪውን ወደ ተቃራኒው ሳዞር ግን ተሻገርኩ፤ እስከ መጨረሻውም ዘለቅኩ።

እውነቱን ለመናገር ጨዋታው የሚናቅ ሥራ አይደለም። መጨረሻው ላይ ሽፍታው ካቃጠላቸው ሹፌሮች የአንዱን ቤት ያገኛል፤ የሟቹ ሚስት ሳታውቀው ውኃ ታቀርብለታለች፤ ከዚያ ወዲያ ያገኘው ነጥብ ሁሉ እየቀነሰ ይሄዳል። እኔ ራሴ እዚያ ስደርስ መጫወቻውን አስቀመጥኩ። ለጎረመሰ ልጅ፣ አጠገቡ አዋቂ ካለ፣ ብዙ የሚያነጋግር ነገር አለው። ችግሩ ሕጻናት እዚያ አይደርሱም። የግማሽ ሰዓት ከፍለው ነው የሚጫወቱት፤ ከጀርባቸው ተራ ጠባቂ አለ። ስለዚህ ነጥብ የሚበዛበትን የማቃጠሉን ክፍል ብቻ እየደጋገሙ ተጫውተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ጸጸቱን አዋቂው ያየዋል፤ ሕጻኑ የሚያየው እሳቱን ነው። ይህ የአንዲት ጨርቅ ሻጭ አስተያየት ነው፤ ሥልጠና የወሰደ ሰው የተሻለ ካለው እሰማለሁ።

አምስተኛ፣ ወደ ዋናው ምስጋናዬ ደረስኩ። ፍሬዘር የሑስናን ነገር ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትስቅ አይቻታለሁ፤ የወደደችው መስሎኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ ማንም ሳያዝዘው በሩ ላይ «እሳት ከዐሥራ ስድስት ዓመት በታች ለሆነ አይከፈትም፤ ትንንሾች ኳስና የመኪና ውድድር ይጫወቱ» ብሎ በእጁ ጽፎ ለጠፈ። ብዙ ልጆች ተኮሳትረው ጥለውት ሄዱ። ማዶ ያለው ጌም ቤት ተቀበላቸው፤ ማኅተማችሁ እዚያም አለና።

ኮሚቴዎ ያኔ ነው በሙሉ ኃይሉ የደረሰው። ልጄ ጋቢና ውስጥ ራሷን ቆለፈች ሲባል ያልተንቀሳቀሰው ኮሚቴ፣ አንድ ወጣት ያለ ፈቃድ ወረቀት ለጠፈ ሲባል ጸሐይ ሳያግደው መጣ። የፍሬዘር ጽሑፍ የኮሚቴውን ውሳኔ የሚቃረንና ወላጆችን የሚያደናግር ሆኖ ስለተገኘ ጌም ቤቱ ታሸገ። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ፍሬዘር አልተከራከረም፤ «ወረቀቱን ላንሣው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። አባልዎም «አሁን ማስረጃ ነው፤ አይነካም» አሉት። በዚህ ከተማ ሕጻናትን ከ«እሳት» የከለከለ ብቸኛው ቤት እስካሁን ተዘግቶ ይገኛል፤ የፈቀዱት ሁሉ ክፍት ናቸው። ሥርዓት ማስከበር እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

ስለ ሑስና ከጠየቁኝ፣ ምንም እንኳ ባይጠይቁኝ፣ ደኅና ናት ማለት ይቻላል። ትምህርት በሌለበት ቀን ጠሃ ሞጆ ይዟት ሄደ። ተራ የሚጠብቁትን ሹፌሮች በየመኪናቸው እየዞረች ጨበጠች። «አካም ጅርታ፣ ኢንተሎ?» እያሉ ደኅንነቷን ሲጠይቋት፣ እሷ ደግሞ እያንዳንዱን ሹፌር ልጅ እንዳለው ትጠይቅ ነበር አለኝ። ስትመለስ የአብዛኞቹን ልጆች ስም ይዛ መጣች። አሁን አባቷ ሲወጣ መንገድ አትዘጋም። ስልክ መደወል የዘገየ ቀን ግን ምሳ አትበላም፤ ይህን የሚያስለቅቅ ማኅተም እስካሁን አላገኘሁም።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። የፍሬዘር ቤት ይከፈት፤ በየበሩ የለጠፋችሁት ወረቀት ይነሣ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ጨዋታ ደግሞ ከመፍረዳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። መኪና ወደ ኋላ መመለስ የሚያስቸግር ከሆነ ሱቄ ይምጡ፤ በነጻ አስተምራለሁ፤ ሻይም አስመጣለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ባላዩት ነገር ላይ የመፍረድ ድፍረትዎን እያደነቅሁ፣ በሁለት እጄ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ዋፊቃ
ሥልጠና ያልወሰደች የሑስና እናት፣ ከአዳማ

ይድረስልኝ የምለው ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ አንዲት እናት መጋረጃ የምትመርጥ መስላ ሱቄ ገባችና «እሳት»ን ለልጆቿ ትፍቀድ እንደሆነ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ። እንዳትፈቅድ መከርኳት፤ አመሰገነችኝ። «አባቴ እንዳይሰማ» ብላ ስለለመነችኝ ስሟን አልጠራም። ሆኖም ዛሬ ራት ላይ የልጅ ልጆችዎ «እሳት ተከለከልን» ብለው ካለቀሱብዎት፣ ያለ ፈቃድ ፍርድ ሰጥታለችና ቤቷን ለማሸግ ኮሚቴውን እንዲሰበስቡ በትሕትና አሳስባለሁ።