ፍሬይር እና የጎረቤት ላም

ወረታ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ረታሁ። የትምህርት ቤታችን መጽሔት ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ አዘጋጁ እኔ ስለሆንኩ ስህተቱም በእኔ ስም ነው የሚወጣው። እኩያዬ የታሪክ መምህሩ ደሳለኝ ግን ከጽሑፉ አንዲት ዓረፍተ ነገር አልሰርዝም ብሎ ሳምንት ሙሉ ሲያቃጥለኝ ሰነበተ። የጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች የአዝመራና የመራባት አምላክ ፍሬይር ስሙን ያገኘው ከእኛው «ፍሬ» ነው ይላል።

«አዝመራ ይሰጣል፣ ስሙም ፍሬ ነው! ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» አለኝ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«የጎረቤትህ ላም ያንተን ስለመሰለች ነድተህ በረትህ ታስገባታለህ?» አልኩት። የከብት አገር የፎገራ ልጅ ነውና ነገሩ ገባው፤ ሌሎቹ ሳቁበት። እኔም ቀጠልኩ፦ «ፍሬይር በአገሩ ቋንቋ ጌታ ማለት ነው። እናቴ አባቴን አንድ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ጌታዬ ነበር የምትለው። እነዚያም አምላካቸውን እንዲሁ ነው የጠሩት።»

ደሳለኝ እስክሪብቶውን አውጥቶ ዓረፍተ ነገሯን በገዛ እጁ ሰረዛት።

«እሺ፣ ጌታዬ!» አለኝ እያሾፈ።

ሳያውቀው ፍሬይር ብሎ ጠራኝ። አላረምኩትም።