ለጉንዳኖችህ በሁዳዴ የቀቀልሁት እንቁላል

ይድረስ ለወንድሜ ለዓለምብርሃን፣ ፖላንድ።

እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱ፣ ምግቡ፣ ትምህርቱ፣ የሰዉስ ጠባይ እንዴት ያደርግሃል? ያ ራስ ምታትህ ተወህ ወይስ አሁንም ይነሣብሃል? እኔ እህትህ ታንጉት፣ ባለቤቴ እንዳለውም፣ ልጄ ጽጌሬዳም፣ ለደረስጌዋ ማርያም ምስጋና ይድረሳትና፣ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ሰላምታዬን ከዚህ በላይ ባረዝመው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ተናድጃለሁና ወደ ነገሬ ልግባ። በስልክ ስቆጣ ትስቃለህ፤ ስለዚህ ወደዚያ ለሚመለስ ጎብኚ ይህን ወረቀት ሰጥቼልሃለሁ።

ስትሄድ ምን ብለህ ነበር አደራ የሰጠኸኝ? ጉንዳን ብቻ ነው እታለም፣ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ነው፣ አይወጣም፣ አይናከስም ብለህ ነው። መጽሐፉም ታካችን ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ ይለዋልና ከትጉህ ፍጥረት ጋር መኖር ነውር የለውም ብዬ ተቀበልሁ። በሄድህ በሦስተኛው ቀን የክፍልህን መጋረጃ ብገልጥ ምን ልይ? በባልዲ ሙሉ በረሮ። በሣጥን እስስት። በሁለት ብልቃጥ ሁለት ጊንጥ። ክዳኑ በተበሳ ጣሳ ውስጥ ደግሞ የልጅ መዳፍ የምታህል ሸረሪት። በየዕቃው ላይ ምን እንደሚበሉ ጽፈህ ለጥፈህበታል፤ ለእኔ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስህም። ደውዬ ብጠይቅህ ጉንዳን የሚያረባ ሰው ሁሉ ሌላም ነገር እንደሚይዝ፣ እዚያ ያለው ጓደኛህ ስድስት ሸረሪትና አንድ እባብ መኝታ ቤቱ ውስጥ እንዳሉት፣ አንዲት ጓደኛህም ለቀንድ አውጣዎቿ ስም አውጥታ እንደምታሳድግ ነገርኸኝ፤ ይህ ያጽናናኝ ይመስል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ለካ ስለ እናንተ ነው።

የበረሮውን ነገር ልተወው ብል አልቻልሁም። ይህ ቤት ከተሠራ ጀምሮ በረሮ ስገድል የኖርሁ ሴት ዛሬ ካሮት ልጬ በረሮ እቀልባለሁ፤ እስስቷ ስትበላቸው ሰባ ብለው እንዲገኙ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ከጊንጦችህ አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ የአዲ አርቃይ ቆላ ልጆች ናቸውና የደባርቅ ውርጭ አይስማማቸውም ብለሃላ። የእኔ እግር ሲደነዝዝ ሙቅ ውሃ ያቀረበልኝ የለም። ባለፈው ስትደውልም ከእኔ ጤና በፊት የጠየቅኸው የእስስቷን ክብደት ነው።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያቃጠለኝ የሁዳዴው ነው። ጉንዳኖቹ በሳምንት አንድ ጊዜ የአተር ፍሬ የምታህል የእንቁላል አስኳል ካላገኙ ልጆቻቸው አያድጉም ብለህ ጽፈሃል። ጉንዳን ጾም አያውቅም፤ እኔም አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ብዬ በጾሙ በሦስተኛው ሳምንት እንቁላል ቀቀልሁ። የተረፈውን ለውሻው ሰጠሁት፤ ቅርፊቱን ግን ሳላስብ ከአመዱ ጋር ደጅ ደፋሁት። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መቅበር ነበረብኝ። ጎረቤታችን ጤናዬ አየችው። ታውቃታለህ፣ የሰው ቆሻሻ ሳትመረምር ቤተ ክርስቲያን አትሳለምም።

በማግሥቱ ወንፊት ልዋስ ብላ መጣች። ወንፊቱ ያለው ማድቤት፣ እርሷ የገባችው ያንተ ክፍል። እስስቷ አንድ ዐይኗን ወደ በሩ፣ አንዱን ወደ እርሷ አዙራ ብታያት ጤናዬ ሦስት ጊዜ አማትባ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ታንጉት በሁዳዴ እንቁላል ትበላለች የሚለው ወሬ ትንሹ ሆነ። ትልቁ፣ ታንጉት ቤት እስስትና ጊንጥ የሚቀለበው ለመተት ነው፣ ወንድሟም ባሕር የተሻገረው በዚያው ነው የሚለው ነው። ዐይንህ እስኪቀላ ስታጠና ያየሁህን ልጅ፣ ውጭ የላከችህ እስስት ናት አሉ። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ።

መጋቢት ሃያ አንድ የማርያም ማኅበራችን ነበር። ጽዋውን ተረክቤ ለሚያዝያ የምደግሰው እኔ ነበርሁ፤ ጌሾና ብቅሉን ሳይቀር አሰናድቻለሁ። ጸሎቱ እንዳለቀ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አለምነህ፣ ታንጉት ጽዋውን ከመረከቧ በፊት ነገሩ ይጥራ አለ። ቄስ መልከ ጼዴቅ ደግ ሰው ናቸውና መውጫ ሊያበጁልኝ ፈለጉ፤ ልጄ፣ እነዚህ ተንቀሳቃሾች ያንቺ ካልሆኑ፣ የእኔ አይደሉም ብለሽ በጽዋው ፊት ተናገሪና ነገሩ ይብቃ አሉኝ። እውነት ነበር እኮ። የእኔ አይደሉም። ግን የእኔ አይደሉም ካልሁ የማን ናቸው መባሉ አይቀርም፤ የወንድሜ ናቸው ስል ያ ወሬ በእኔ አፍ ይጸድቃል፣ ነገ ዳባት ይደርሳል፣ እምዬም በደጀ ሰላም ልጇን በመተት ባሕር ያሻገረች እናት ተብላ ትጠቆማለች። ጤናዬም ማኅበርተኛ ናትና ተቀምጣ አፌን አፌን ታየኛለች። የእኔ ናቸው፣ የምቀልባቸውም እኔ ነኝ፣ መተት ግን አላውቅም አልሁ። ጽዋውን ለጤናዬ ሰጧት።

እንዳለው በዚያው ቀን ሁሉንም በማዳበሪያ ከትቼ ሊማሊሞ ገደል ልድፋቸው ብሎ ተነሣ። እምቢ አልሁት። እነሱ ምን አጠፉ? ከጊንጦችህ አንዱም እስካሁን አልነደፈኝም። ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ ጉንዳን ብለህ ይህን ሁሉ በእኔ ላይ ጭነህ የሄድኸው። በእመቤታችን ጽዋ ፊት ዋሽቻለሁ፤ የንስሐ አባቴ እኒያው ቄስ መልከ ጼዴቅ ናቸውና ምን ብዬ እንደምናዘዝ እንኳ አላውቅም።

እንግዲህ የምልህ ይህ ነው። ከሚያዝያ ሃያ አንድ በፊት እንስሳቱ የማን እንደ ሆኑ፣ ለምን እንደምትይዛቸው፣ የእንቁላሉንም ነገር በእጅህ ጻፍ። ፎቶውን ለጽጌሬዳ በቴሌግራም ላክላት፤ ቄስ መልከ ጼዴቅ ለማኅበሩ ያነቡታል። ከእኔ አፍ ሲወጣ ሐሜት ይሆናል፤ አንተ ራስህ ስትጽፈው ግን የተማረ ሰው ቃል ነው፣ ይሰሙሃል። ካልጻፍህ ከዚህ በኋላ እህት አለችኝ አትበል።

እንዳለው እንዳኮረፈም ቢሆን ሰላም ይልሃል። ጽጌሬዳ ትስምሃለች፤ ለሸረሪቷ ስም አውጥታላታለች። እምዬ ወለተ ጊዮርጊስ ከዳባት እንዴት ሰነበትህ ትልሃለች፤ ነገሩን እስካሁን አልሰማችም። በየደብዳቤዬ የማኅበርተኞቹን ሰላምታ አንድ በአንድ በስማቸው እጽፍልህ ነበር። አሁን ግን እኔንም በመንገድ ሰላም የሚለኝ ስለሌለ፣ ለወንድሜ ምን ልበልላችሁ ብዬ የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

እህትህ ታንጉት
ደባርቅ፣ መጋቢት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.