በስልክ ልነግርሽ ያልቻልኩት የምንጣፉ ጉዳይ

ለእህቴ ለየምስራች፦

እንዴት ነሽልኝ? ያ የወገብሽ ሕመም ተወት አደረገሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? የኩዌት ሙቀትስ በረድ አለ? ማዳምሽስ ጠባይዋን አሻሻለች ወይስ ያው እንደ ድሮዋ ናት? እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቶልን ቆሰበርም ፀሐይ ማየት ጀምራለች። ገብሱም ደህና ይዟል ይላሉ፤ የሚያስከፋ ወሬ የለም።

ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የምትመጣው የጎረቤታችን ልጅ ሜላት ናት። ስልክ እያለ ምን ያስጽፋታል ትዪ ይሆናል። ስትደውዪ አባባ አጠገቤ ነው የሚቀመጡት፤ ጆሯቸው ስለደከመም ድምፁን ከፍተን ነው የምናወራው። አንቺ ደግሞ ሦስት ጊዜ በምስል ደውለሽ ሦስቱንም ጊዜ "ምንጣፌን የት አደረሳችሁት? ሳሎኑ ባዶ ነው፣ ሸጣችሁት እንዴ?" አልሽ። እኔም ታጥቦ ነው እያልኩ አለፍኩሽ። ውሸት አይደለም፣ ታጥቦ ነበር። ለምን እንደታጠበ ግን አባባ እየሰሙ አይነገርም።

እማማ ካረፉ ወዲህ አባባ ከእኛ ጋር እንደሆኑ ታውቂያለሽ። አልጋቸው ሳሎን ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ጠዋት አምና የላክሽው ምንጣፍ ከአልጋቸው ግርጌ ርሶ አገኘሁት። ሽታው የሽንት ነው። አባባ አቀርቅረው መቋሚያቸውን ይነካካሉ። ባለቤቴ ይኸነው ቶሎ ብሎ "ይቺ እርጉም ድመት! ደጅ ጠፍቶባት ነው?" አለ። እኔም "እሷው ናት" አልኩ። አባባ ቀና ብለው "እንስሳ ምን ታውቃለች፣ ተዉአት" አሉ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴም ሁለቴም ድመቷ ሆነች።

እኔ ደግሞ የምንጣፍ አጠባ የት አውቄ! መጀመሪያ ውኃ አፍልቼ በዱቄት ሳሙና በብሩሽ ፈተግኩት። ሽታው ይብስ ወደ ውስጥ ገባ። ቀጥዬ በረኪና ደፋሁበት። ዓይኔን አቃጥሎኝ፣ ሳል አፍኖኝ እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ለካ በረኪና ከሽንት ጋር አይገናኝም። አንደኛው ቀይ አበባ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፣ ስታዪው እንዳትደነግጪ። በመጨረሻ የወተት ዕቃ የሚጸዳው በወይራ ጭስ አይደል ብዬ፣ ፍም ላይ ወይራ ጨምሬ ምንጣፉን እንደ ድንኳን ተክዬ አጠንኩት። ይኸነው ከሥራ ሲገባ አፍንጫውን ይዞ "ታይቱ፣ ይኼ እኮ የታጠነ ሽንት ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲያ የገባውን ሰው ሁሉ ሁለቱ ሽታዎች አብረው ይቀበሉት ጀመር።

ትልቁ ጥፋት ግን ሌላ ነው። ልጄ ፍቅርአዲስ የድመቷን ነገር እውነት ብላ ይዛው ኖሯል፣ መስከረም ላይ ድመቷን በከረጢት ከትታ ለምህረቴ ሰጠቻት። ምህረቴ ሆቴል ውስጥ የአልጋ ክፍል የምታጸዳው ጎረቤታችን ናት። "እማዬ ገላገልኩሽ!" አለችኝ ልጄ ደስ ብሏት። ምን ብዬ ልቆጣት? በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምንጣፉ ርሷል። ድመት የለችም። ይኸነው "ይቺ እርጉም..." ብሎ ጀመረና ጫማውን ፍለጋ አጎነበሰ። ፍቅርአዲስ ምንጣፉን አየች፣ አባባን አየች፣ ቦርሳዋን አንስታ ሳትሰናበተን ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

አባባ ቁርስ አልቀመሱም። ልብሳቸውን በጋቢያቸው ቋጠሩና "ቅዳሜ አገሬ ግምጃ ቤት አድርሱኝ። ከተማ አልተስማማኝም፣ ጎጆዬ ይሻለኛል" አሉ። ጎጆው ከመኪና መንገዱ የአንድ ሰዓት እግር መንገድ ነው። የአጎታችን ልጅ ዓባይነህ አጠገቡ ቢኖርም ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ነው። በዚያ ጉልበት ውኃ ማን ያቀብላቸዋል? ይህንኑ ብላቸው በአገውኛ ተቆጡኝ፤ አባባ ቁጣውን በአገውኛ ከጀመሩት እንደማይመለሱ ታውቂያለሽ። ይኸነውም "እሄዳለሁ ካሉ አስረን አናስቀምጣቸው" አለ።

ያን ቀን ነው የገባኝ። በየሳምንቱ ምንጣፉን አጥር ላይ ሳሰጣ፣ መንገደኛው ሁሉ "ምን ሆነባችሁ?" ሲለኝ፣ እኔም "ድመት ናት!" እያልኩ ስጮህ አባባ በመስኮት ይሰሙ ነበር። ሽታውን አባርራለሁ ስል ሰውየውን ነበር የማባርረው።

አርብ ዕለት ምህረቴ ቤት ሄጄ "ድመቴን መልሺልኝ" አልኳት። ሳቀች። "የሰጡትን መልሶ መቀበል ነውር ነው አንቺ! ደግሞ አይጡን ሁሉ ጨርሳልኛለች" አለች። ነገሩን ስነግራት ሳቋን አቆመችና "ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ሆቴል ውስጥ ስንት ሰካራም የሸናበትን ምንጣፍ አጽድቻለሁ መሰለሽ!" ብላ ድመቷንም፣ አንድ ጠርሙስ አቼቶም ሰጠችኝ። አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፣ ሲጠፍፍ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰሽ አሳድሪውና በማግስቱ ጥረጊው አለችኝ።

ድመቷን በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁና ሳሎን ለቀቅኋት። ማንም ሳይጠይቀኝ "ራሷ ተመለሰች" አልኩ። አባባ ድመቷን አዩ፣ እኔን አዩ። "አርጅታለች መሰለኝ። ያረጀ ፊኛ አይታዘዝም፣ እንዳትመቷት" አሉ። "ማን ይመታታል አባባ፣ ሐኪም ያያታል እንጂ" አልኳቸው። "ድመት ደግሞ ሐኪም ቤት ትሄዳለች?" አሉኝ። "የቆሰበር ድመት በባጃጅ ትሄዳለች" ስላቸው ሳቅ አመለጣቸው።

እኔም ጊዜ ሳልሰጥ አቼቶዬን በጥብጬ ምንጣፉን ማሸት ጀመርኩ። "አትሺው!" ብለው ጮኹብኝ። "የፈረሰኛ ልጅ ሆነሽ ይኼን አታውቂም? ፈረስ የኮርቻው ልብስ ላይ ሲሸናበት አሽተን አናውቅም። ስታሺው ታጠጪዋለሽ። ውኃውን አፍስሺ፣ በደረቅ ጨርቅ ተጫኚው፣ ደግሞ አፍስሺ፣ ደግሞ ተጫኚ። ስትጨርሺ ሆዱን ለነፋስ ስጪው። ጭስ ለወተት ነው።" ዱካ ላይ ተቀምጠው በመቋሚያቸው እያመለከቱ ግማሽ ቀን አሠሩኝ። ጓሮ፣ ሰው የማያይበት ቦታ አሰጣነው። በሦስተኛው ቀን ሲደርቅ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩት፣ ምንም የለውም። ዝናብ ሲመጣ ብቻ ወይራው ትንሽ ይሸታል።

ሰኞ በባጃጅ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የሽማግሌ ወንድ ሁሉ ነገር ነው፣ ውስጥ ያለ እጢ አድጎ ፊኛውን ይጫነዋል ብሎ ኪኒን ሰጣቸው፤ ሲመሽ ብዙ አይጠጡ አለ። ክዳን ያለው ባልዲ አልጋቸው ሥር አኑሬያለሁ፣ ማን አኖረው ብለው አልጠየቁም። አሁንም አልፎ አልፎ ይሆናል። ሲሆን ትኩሱን በጨርቅ ተጭኜ እጨርሰዋለሁ፣ አጥር ላይ የሚወጣ ነገር የለም።

እንግዲህ እህቴ፣ ምንጣፉን በስልክ እንዳትጠይቂ። ፍራሽ ላይ የሚነጠፍ ውኃ የማያሳልፍ ነገር እዚያ ይገኛል ይላሉ፤ ካገኘሽ ለታይቱ ብለሽ ላኪው።

ይኸነው እጅግ ሰላም ብሎሻል። ፍቅርአዲስ ትስምሻለች፤ ከአባባ ጋር ለመነጋገር ሳምንት ፈጅቶባት ነበር፣ አሁን ኪኒናቸውን የምትሰጣቸው እሷ ናት። ምህረቴም ሰላም በይልኝ ብላለች። አባባ መርቀውሻል። ቅዳሜ አለፈ፣ ስለ ግምጃ ቤት ያነሳም የለም፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም። ትናንት ግን ስልክ አስደውለውኝ ዓባይነህን "ጎጆዬ ባዶውን ከሚቀመጥ የዘር ድንችህን አግባበት" አሉት። "አልጋዎት የቆመበትን ቦታ ልተውልዎት?" ቢላቸው፣ "ምን ያደርግልኛል፣ እሱንም ሙላው" አሉት።

እህትሽ ታይቱ
ቆሰበር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.