እትፍ ብዬ ስለመረቅሁት ሕፃንና ስለ ሽማግሌዎቹ ፍርድ

ለተከበሩ አቶ ተረፈ ኃይለአብ፣
ኦስሎ፣ ፉሩሴት ሰፈር ለሚሰበሰበው የአማርኛ ጉባኤያችን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የልጅ ልጅዎ መዳኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በእኔ ምክንያት ታመመ ስለተባለ፣ በእኔ ምክንያት ዳነ የሚል ሰው እስኪመጣ በትዕግሥት እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው ግን የዋሉልኝን ውለታ በተራ ቁጥር አስቀምጬ ላመስግንዎ።

፩. ሕፃኑን ለጉባኤው ያስተዋወቃችሁ ዕለት፣ ወላጆቼ እኔን ሲመርቁኝ እንደነበረው፣ ግንባሩ ላይ እትፍ እትፍ ብዬ እንዲያድግ መረቅሁት። እዚህ ኦስሎ የተወለዱት ወጣት ዘማሪዎች ክፉ መንፈስ አራገፈችበት ብለው ሲደነግጡ፣ ደሴ ተወልደው በዚያው ምርቃት ያደጉት እርስዎ ዝም አሉ። ስለ ዝምታዎ አመሰግናለሁ።

፪. በማግስቱ ሕፃኑን ሲያተኩሰው፣ መተት ታደርጋለች ብለው ከመድረክ ተናገሩ፤ የነፃ ማውጣት ጸሎት እስኪደረግልኝም የሕፃናት ክፍል እንዳላስተምር አገዱኝ። የድንገተኛ ሕክምና ጣቢያው የሌገቫክቱ ሐኪም ጆሮው አመርቅዟል ብሎ መድኃኒት ማዘዙን ለጉባኤው መንገር ግን ረሱ። ሥራ የሚበዛበት ሰው መርሳቱ አይቀርም።

፫. ታሪክ የምታጠናው ልጄ ማዕዶት፣ ድሮ አሜሪካ ስለሰፈሩትና ፒዩሪታን ስለሚባሉት አጥባቂ ክርስቲያኖች አንብባ ነግራኛለች። እዚያ ጠንቋይ ተብለው ከተከሰሱት ብዙዎቹ ባል የሞተባቸው፣ ከጎረቤት የተጣሉ ወይም አፋቸውን የማይዙ ሴቶች ነበሩ። እኔም ባሌን ከቀበርሁ ሰንብቻለሁ፤ አፌንም አልያዝሁም። በፋሲካው ስብሰባ ያለ ምርጫ ሰብሳቢ ሆነው መቀጠልዎን የተቃወምሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሕፃኑ የታመመው በመስከረም ቢሆንም፣ እኔ ጠንቋይ የሆንሁት ግን በፋሲካ ነው።

አቶ ተረፈ፣ መዝሙር ያስተማርኋቸው ልጆች ማዮርስቱን ባቡር ጣቢያ ሲያዩኝ እናታቸው ጀርባ ተደበቁ። አንጀቴ አርሯል፤ ይቅርም አልልዎትም። በቀልን ለጌታ ተይለት የሚሉኝ እህቶች አሉ፤ ጌታ ግን ሥራ ስለሚበዛበት የእርስዎን ድርሻ እኔ አግዘዋለሁ።

ስለዚህ ከዓመታዊው ስብሰባ በፊት፣ ስሜን ባጠፉበት መድረክ ላይ ቆመው ሐሰት እንደነበር ይናገሩ። ካልተመችዎም አይጨነቁ፤ ለሰብሳቢነት ልወዳደር ተመዝግቤያለሁ። ከተመረጥሁ የመጀመሪያ ሥራዬ እርስዎን የሕፃናት ክፍል ወንበር ደርዳሪ አድርጌ መሾም ነው። ልጆቹ በየሳምንቱ ወንበር ሲያነሡ ይዩዎት።

በጸሎትዎ የማያስቡኝ፣ እኔ ግን በየዕለቱ በስምዎ ጠርቼ የማስብዎት፣
ትሑት እህትዎ ማርያ በቃሉ
ቬስትሊ፣ ኦስሎ

ማስታወሻ፦ በእጩነት ያቀረቡኝ ባለቤትዎ ወይዘሮ አፀደ ናቸው። ሕፃኑን ይዘው ሌገቫክት የሄዱት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሐኪሙ ያለውን በስብሰባው ላይ ቆመው ለመናገር ቃል ገብተውልኛል። በእሳቸውም ላይ መተት አድርጌ እንደሆነ ማጣራት ከፈለጉ፣ እራት ላይ ይጠይቋቸው፤ እራት ካቀረቡልዎ።