የትርፍ ጎማና የጎን ወንበር ነገር

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ ጠዋት

ጉልበት እንደ ትናንቱ። ሻይ ያለ ስኳር። ሐኪሙና ሀዳ ከድር ተማክረው የፈረዱብኝ ነው፤ ይግባኝ የለውም። (ሀዳ ከድር፣ የከድር እናት ማለት፣ ሚስቴ ናት። የበኩር ልጃችን ከድር ከተወለደ ወዲህ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ከዚህ በኋላ ሀ/ከ።) ኮምባይነሮቹ ተከታትለው ወደ ስንዴው እየወረዱ ነው። ዘንድሮ ስንዴው ያኮራል።

ግን ደብተሬ፣ ዛሬ ስለ ስንዴ አልነግርሽም። ገመቹ ጎሚስታ ደጃፍ ላይ አንዲት መኪና ቆማለች። ቀይ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ሌላ ምንም። ቁመቷ ከበግ አይበልጥም። ስንት ዘመን አውቶቡስ ነድቼ፣ እንዲህ ያለች የስፖርት መኪና በዚህ በሮቤ ከተማ አላየሁም። ዞርኳት። እንደገና ዞርኳት። ገመቹ ጎማ እየነፋ፣ ሊገዟት ነው ወይስ ሊያጯት አባባ፣ አለኝ። ባለጌ። ግን እውነቱን ነው።

የኋላ ጎማዋ አልቆለታል። ባለቤቱ የአዳማ ልጅ ነው። የሶፍ ዑመርን ዋሻ ለማየት መጣሁ ይላል። ሲመለስ ጎሮ አካባቢ ስለታም ድንጋይ የጎማውን ጎን ቀደደው።

ዋሻ ሊያይ አልመጣም። የልጅ ልጄን ፈትያን ሊያይ ነው የመጣው። አዲስ አበባ ስትማር ነው የተዋወቁት፤ ሀ/ከ ሁሉን ታውቃለች። ነገር ግን ሽማግሌ ሳይልኩ ልጅቱ ሀገር ብቅ ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ ልጁ ቱሪስት ሆኗል። እኔ ማን እንደሆንኩ ያውቃል፤ እንደማያውቅ ያስመስላል። እኔም እንደዚያው። ሮቤ ሁሉ ያውቃል፤ ሮቤ ሁሉ ያስመስላል። ስሙ ነጂብ ነው። ሀ/ከ ይህን ደብተር ስለምታገላብጥ ከአሁን ጀምሮ ነ. ብዬ ነው የምጽፈው። ማን እንደሆነ በጭራሽ አታውቅም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ 11 ሰዓት

ቀኑን ሙሉ ጎሚስታ ቤት።

ጎማው ጉድ ነው። ስሙ ራንፍላት ይባላል። ነ. ያስረዳኛል፤ እኔ እህ፣ እህ እላለሁ። ጎኑ እንደ ደረቀ የበሬ ቆዳ የደደረ ነው። ነፋሱ ሙልጭ ብሎ ወጥቶ እንኳ አይተኛም፤ ያችን ቀይ ጉድ ተሸክሞ ከጎሮ ሮቤ አደረሳት። እኔ እኮ ዲንሾ ላይ በዚያ ብርድ ክሪክ ሥር ስንት ጊዜ ጥርሴን ያንቀጫቀጭኩ ሰው ነኝ። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ! ቆስሎም ጌታውን ደጁ የሚያደርስ ፈረስ በዪው።

ገመቹ ከቸርኬው ሲያወጣው ግን የውስጡ ላስቲክ እንደ ተወቀጠ በርበሬ ተዘረገፈ። ተሸክሟታል፤ በተሸከመበት ሞቷል። አይለጠፍም። ጓደኛውም፣ ሌላው የኋላ ጎማ፣ ተልጦ አልቋል።

እንግዲህ ነ. ሊመርጥ ነው። ራንፍላቱን ካለ ከዱባይ ማስመጣት፤ ሳምንታት። ተራውን ካለ መርካቶ ሞልቷል፤ አውቶቡስ ላይ ጭነው በቶሎ ይልኩለታል። ተራው ለስላሳ ነው፣ ጉድጓድ ላይ አጥንት አያላቅቅም፣ ከአዳባ እስከ ጎባ ያለ ጎሚስታ ሁሉ ይለጥፈዋል። ከፈነዳ ግን ፈነዳ፤ እዚያው ቁጭ። ደግሞ ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም፤ ወደ ተራው ከዞረ አራቱንም ነው። መኪናዋ ትርፍ ጎማ የላትም፤ የሠሯት ሰዎች በራንፍላቱ ተማምነው ቦታውን እንኳ አልተዉላትም።

ልጁ አይቸኩልም። ገመቹን በወንድም ወግ እየጠየቀ ይሰማል፤ እጁን አስገብቶ ላስቲኩን ይዳስሳል፤ ሸሚዙ ጠቆረ፤ አላየውም። ወደድኩት መሰለኝ። ለማንም እንዳትነግሪ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ፈትያ የግፊት መድኃኒቴን ይዛ መጣች። እዚሁ ሮቤ የራሷ መድኃኒት ቤት አላት፤ በስንት ልፋት አቆመችው። ነጭ ጋውኗን ለብሳ ስትቆም ባላገሩ ሁሉ ዶክተር ይላታል፤ አይደለሁም ብትል ማን ሰምቷት። ክንዴን አስራ እየለካችኝ ስለ መኪናዋ ጠየቅኋት። ግፊቴ ሳይሆን የእሷ ወጣ።

ፍርጥ አደረገችው። አግቢኝ ብሏታል። ከሮቤ አልወጣም ብላዋለች። መጥቼ እኖራለሁ ብሏል። ወንድ ሲፈልግ ምን የማይለው አለ፣ ትላለች። ስለዚህ አፉን ትታ ጎማውን ልታይ ነው። ራንፍላቱን ካዘዘ መኪናውም ልቡም የአዳማ አስፋልት ናቸው። ተራውን ከገዛ የእኛን መንገድ አስቦታል። ትንፍሽ እንዳልልበትም ወላሂ አስባለችኝ።

አይ የኔ ልጅ! ሽማግሌ ተሰብስቦ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያጣራውን፣ እሷ በጎማ ታጣራለች።

እኔ ግን ዝም ብዬ አላደርኩም። ተራው ጎማ በቶሎ ይደርሳል፤ አስገጥሞ ይሄዳል፤ ራንፍላቱን ቢያዝ እዚህ ወሩን ሙሉ ሊቀመጥ ነው፤ ታዲያ የሚወድሽ የትኛውን ነው የሚገዛው፣ አልኳት። «አባዬ፣ እርስዎ መቼ ነው እንደ ሰው አያት የሚሆኑት?» ብላ መድኃኒቱን ነጥቃኝ ልትሄድ ነበር።

ከሄደች በኋላ ሳቄ ጠፋ። አዳማ ብትገባ ክንዴን ማን ያስረዋል? ማንንስ አበሽቃለሁ? ሀ/ከ ለምዳኛለች፤ አትናደድልኝም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

መሐላ ከባድ ነው። ነ. ዛሬ ፊት ለፊት ጠየቀኝ፦ አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይገዙ ነበር? ምላሴን ነከስኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሁለቱም የአላህ ሥራ ናቸው አልኩት። ገመቹ ሳቁን ሊደብቅ ባልዲው ውስጥ ተደፋ።

ሾፌር ዝም አይልምና፣ ምክር ሳይሆን ጥያቄ ጠየቅሁ። ተራውን ብትገዛ ትርፍ ጎማ ያስፈልግሃል፤ የት ታደርገዋለህ? የኋላ ሳጥኑን ከፈትን፤ አንድ ቦርሳና አንድ ቁምጣ ያህል ቦታ። ከገመቹ አንድ አሮጌ ጎማ ወስደን ሞከርን፤ አይገባም። የቀረው የጎን ወንበር ብቻ ነው። ጎማውን ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው፤ ቀበቶም አሰርንለት። ልክ እንደ ሙሽራ ተኮፍሶ ተቀመጠ።

ሚስትህ የት ትቀመጣለች ታዲያ፣ አልኩት።

ገመቹ ሊሰማ ብሎ የነፋስ መንፊያውን አጠፋ። በዚህ ሁሉ ቀን የተሸሸገውን ነገር በጎማ አስታክኬ አወጣሁት። ነ. ፊቱ እንደ መኪናው ቀላ።

«ሚስት የለኝም አባባ።»

«ለምሳሌ ነው ልጄ።»

«ለምሳሌ ከሆነ...» ጎማውን ዳበስ ዳበስ አደረገው። «ለምሳሌ ይህችን ወንበር ለእሷ ነበር ያሰብኳት። ጎማ አላስቀምጥባትም።»

ማለትም ራንፍላት። ለእሷ ብሎ እሷን ሊያጣ ነው! እኔም በመሐላ ተለጉሜ። ቤቴ ገብቼ ራት እንቢ አልኩ። ሀ/ከ ጎሚስታ ቤት ምን አበሉህ አለችኝ። ነገር፣ አልኳት።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ ጠዋት

ነ. የለም። ትናንትም ጠዋት አልነበረም። ያረፈበት ፔንሲዮን ሲጠየቅ ማልዶ ወጥቷል ይላሉ። ገመቹም አላየውም። ወሬው መናኸሪያ ታየ ነው። ጎማውንም ልጅቱንም ትቶ በአውቶቡስ ሊሄድ ይሆን? ይሂድ። ዋሻውን አይቷል። የስፖርት መኪና ያለው ሰው ዱሮም... ተይው። ግፊቴ ከፍ ብሏል። ፈትያ ያላየች መስላ ሁለቴ አየችኝ።

እዚያው ዕለት፣ 12 ሰዓት

ምላሴ ይቆረጥ። ደብተሬ፣ ጠዋት የጻፍኩትን አታንብቢ።

ገመቹ በባጃጅ እየበረረ መጣ። ልጁ መናኸሪያ የታየው ከጀርባው ያለው አዲስ ሕንፃ ላይ ነው። ሥራ ሊጠይቅ! መሐንዲስ ነው፤ ይህን እንኳ አልነገረኝም፤ እኔም ከጎማ ውጪ ጠይቄው አላውቅም። ሁለት ጠዋት ሙሉ እየዞረ፣ ከፎቁ ሥር ከግንበኛ ጋር ተቀምጦ እየተጨዋወተ፣ የሮቤን የሕንፃ ሥራ ሁሉ ጠይቋል። አንዱ ተቋራጭ ከጥር ጀምሮ ና ብሎታል። ኦሮምኛውም ከእኔ የልጅ ልጆች ይሻላል አሉ፤ አሳፈረን።

ለፈትያ ላልነግራት ነበር። እስከ በሩ ድረስ ቻልኩ። ነገርኳት። ታውቃለች! ዛሬ ራሱ ደውሎላታል። እሺ ታዲያ አለቀ አይደለም ወይ፣ አልኳት። የጎማው ነገር አላለቀም አለች። ግትር። በማን እንደወጣች እንጃ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ፣ 9 ሰዓት

ጎማ መጣ! ከመርካቶ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በዱባና በፍራሽ መሃል። ተራ ጎማ። አራት አይደለም፤ አምስት ነው።

አምስተኛውን የት ሊያደርገው ነው ብዬ ዱላዬን ይዤ ሮጥኩ። (ሮጥኩ ነው ያልኩት፤ ሀ/ከ ምስክሬ ናት፤ ጫማ ሳላጠልቅ።) ገመቹ አራቱን አስገጠመ። መኪናዋ ትንሽ ከፍ አለች፤ እንደ ቆንጆ ሴት አዲስ ጫማ ያደረገች። በሠፈሩ ዞር አደረገኝ። ጉድጓድ ላይ ወረድን፤ ወገቤ አልሰማም። ማሻአላህ አልኩ፤ ደግሜ አልኩ።

አምስተኛውስ? ነ. እያፈረ ነገረኝ። እርስዎ አውቶቡስ ሲነዱ ትርፍ ዕቃ ዶዶላ ሐጂ ቡሽራ ሻይ ቤት እናስቀምጥ ነበር ብለው አልነበረ ወይ፤ ሾፌር ሲቸገር ቢልክ፣ የሚያልፈው አውቶቡስ ጭኖ ያደርስለት ነበር ብለው አልነበረ ወይ። እኔም ዶዶላ ላስቀምጠው፤ አዳባም ብበላሽ ኮፈሌም ብበላሽ ያደርሱልኛል። ወንበሯም ባዶ ትሆናለች።

ሰማሽ ደብተሬ? እኔ ስለ አውቶቡስ ሳወራ ልጆቼ ያዛጋሉ፤ የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን ያያሉ፤ ሀ/ከ ትተኛለች። ይህ ልጅ አዳምጦኛል። ያውም ሥራ ላይ አዋለው። ሐጂ ቡሽራን እዚያው ደወልኩለት። ጎማው የማን ነው አለኝ። የአንድ ቱሪስት ነው አልኩት።

ለፈትያ ነገርኳት። ደስታ በአፍንጫዋ ነው የሚወጣው፤ አፏን ጭምቅ ታደርገዋለች። ቆይታ እንዲህ አለች፦ ጎማውን ዶዶላ የሚተው ሰው፣ በዶዶላ ደጋግሞ ሊያልፍ የወሰነ ሰው ነው። ይህን እኔ ብናገረው ኖሮ ዓመቱን ሙሉ እፎክርበት ነበር።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ነ. ሄደ። ትርፍ ጎማው ለመጨረሻ ጊዜ በሙሽራ ወንበር ላይ፣ እስከ ዶዶላ።

ሊሄድ ሲል ጎሚስታ ቤት ተሰናበተኝ። አሁንም አንተዋወቅም። አቀርቅሮ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ አለኝ። ሐጂ ቡሽራ ጎማ ብቻ ነው የሚይዙት ወይስ ሽማግሌም ሆነው ይሄዳሉ?

እኔ፣ ኮስተር ብዬ፦ «ወደ ማን ቤት?»

«እዚህ ሮቤ አንድ ሰው አሉ አባባ። በመልክ አላውቃቸውም። ክፉ ሽማግሌ ናቸው ይባላል፤ በሰው ማሾፍ ይወዳሉ፤ የድሮ ሾፌር ናቸው።»

«ሰምቻለሁ» አልኩት። «እሳቸው ቤት መሄድ ለጠላትም አይመከር።»

«ምን ላድርግ? ልጅቱ ጥሩ ናት።»

ዓይኑ እንኳ አልሳቀም! ይህን ሁሉ ቀን እኔ እያሾፍኩ መስሎኝ፤ እሱ ቆጥሮ ይዞ፣ ሞተር አስነስቶ መለሰልኝ። ገመቹ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀይዋ መኪና አስፋልቱን ይዛ በስንዴው መሃል ስትሄድ ዱላዬን ተደግፌ እስክትጠፋ ቆምኩ። እንዴት ያምራል፣ አላህ ይጠብቀው።

ኅዳር 28፣ እሁድ፣ 3 ሰዓት

ጃርሳዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ ማለት፣ ዛሬ ይመጣሉ። ሐጂ ቡሽራ ከዶዶላ፣ የነ. ሁለት አጎቶች ከአዳማ። ሀ/ከ ከንጋት ጀምሮ ታስጠነቅቀኛለች፦ እንዳታሾፍ፣ ስለ ጎማ እንዳታነሳ፣ ዝም ብለህ አክብረህ ስማ። ወጉ ደግሞ የታወቀ ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን አይመለስለትም። ከዘመድ እንመክራለን፣ ሌላ ቀን ኑ ይባላል፤ ይመላለሳሉ፤ ያኔ ልጅቱ ክብሯ ይጨምራል።

ፈትያን ጓዳ ጠራኋት። ምን ልበላቸው? መጀመሪያ ልለካዎትና እነግርዎታለሁ አለች፤ ግፊቴን ለካችኝ። ጥሩ ነው። ከዚያ ከክንዴ ማሰሪያውን እየፈታች፣ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፦ ኤዬ። እሺ ማለቷ ነው። ሌላ አልጨመረችም። እኔም፣ ማመን አቃተኝ፣ የማሾፍ ቃል አጣሁ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ወጉ ይቆየን፤ ዛሬውኑ እሰጣለሁ። ዘመድ ቢቆጣ ይቆጣ። ሐጂ ቡሽራ በዚህ ዕድሜው ሁለተኛ አይመላለስም።

ግን መጀመሪያ ትንሽ ላስጨንቃቸው። ልጃችሁ ማነው፣ አላውቀውም፣ ከየት ነው የማውቀው እላለሁ። ሐጂ ቡሽራ ዓይኔን ያያል። እሱ ከሳቀ አለቀልኝ፤ እኔም መሳቄ ነው፤ ሀ/ከም ትገድለ—

ደረሱ። የመኪና ድምፅ ነው። ጋቢዬን የት ነው ያኖረችው