ለሐና የገዛሁት ኪኒን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ በራሴ አፈርኩ።

የልጄ የሐና ብጉር በቅባት አልድን ሲል፣ ሐኪሟ የሆርሞን ኪኒን ይረዳት ይሆናል አለችን፤ ያው የወሊድ መቆጣጠሪያው ነው። ጥቅሙንም ጉዳቱንም አስረድታ ማዘዣ ጻፈችና «ራሷ ትወስን፣ እርስዎ አይጫኗት» አለችኝ። ሐና ሳምንት ሙሉ አሰበችበት። በዚህ በአዳማ ሙቀት ፊቷን በማስክ ሸፍና ትምህርት ቤት መዋል ሰልችቷታል። ትናንት «እሞክረዋለሁ እማ፤ ግን መድኃኒት ቤት አንቺ ሂጂልኝ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ይህን ስገዛ ሰው ካየኝ አለቀልኝ» አለችኝ። «እኔ እያለሁ!» ብዬ ፎከርኩ።

የሰፈራችንን ትቼ በባጃጅ ራቅ ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሻጩ ማዘዣውን አየና ኪኒኑን አውጥቶ ጮክ ብሎ «የወሊድ መቆጣጠሪያው ነው አይደል?» አለኝ። ዞር ስል የማኅበሬ ሰው አልማዝ ከኋላዬ ቆማለች። ዓይኗ ከኪኒኑ ወደ ጥቁር ልብሴ ወረደ። ባሌ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው፤ ከሌን ገና አላወለቅኩም።

«ለእኔ አይደለም፤ ለሐና ነው» አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ደግ አደረግሽ፤ የዘንድሮ ልጅ እንዲህ ካልጠበቋት» አለች ፈገግ ብላ። ስለ ብጉሩ መንተባተብ ጀመርኩ። ማን ሊሰማኝ!

ቤት ስደርስ ሐና በር ላይ ትጠብቀኛለች። «ያየሽ ሰው የለም አይደል?»

«ማንም አላየኝም» አልኳት።

እሑድ ማኅበሩ እኛ ቤት ነው። ዳቦውን እየዞረች የምታድለው ሐና ናት።