መቅመስም መብላት ነው

ውድ አባዬ፣

ባለፈው በስልክ «ልመለስ ወይስ አልመለስ? አንድ ቃል ንገሪኝ» ስትለኝ መስመሩ አልተበላሸም ነበር። ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም» ብዬ የዘጋሁት መልሱን ለመናገር ስላልደፈርኩ ነው። መልሼ ያልደወልኩት ደግሞ ስለማውቅህ ነው። በስልክ ከሆነ ትቀልዳለህ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ከሳቅሁ በኋላ እሺ ማለቴ አይቀርም። ወረቀት ላይ ግን ማቋረጥ የለም። እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ።

እኔ ደህና ነኝ። ኬክ ቤቱም ደህና ነው። አንተው ዝምታ ብለህ ስም ያወጣህለት ረዳትህም ደህና ነው። ትናንት ሊጥ እያቦካ ቀና አለና «ጋሼ እንዴት ናቸው?» አለኝ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር! እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አባዬ፣ ናፍቀኸኛል። ጠዋት የጓዳውን በር ስከፍት ውል ትለኛለህ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ሳልደርስ በዚያ በር እገባ የነበረው ጊዜ ይመጣብኛል። የምድጃው ሙቀት ፊቴን ይቀበለኝና መነጽር ቢኖረኝ ኖሮ ጉም ይለብስ ነበር። አንተ እጅጌህን ሰብስበህ፣ እስከ ክርንህ ዱቄት ሆነህ ትቆማለህ። ክሬሙን በጣትህ ጫፍ ትነካና ዓይንህን ጨፍነህ ፊትህን ወደ ጣሪያው ታቀናለህ። ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ከዚያ «ጨው ጎድሏታል» ትላለህ። ጣፋጭ ነገር እንዴት ጨው ይጎድለዋል? ያኔ አይገባኝም ነበር። አንዲት ቁንጥር ጣል አድርገህ ስታቀምሰኝ ግን ወይ ጉድ! ክሬሙ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ጠርዙንስ ታስታውሳለህ? ኬኩ ከምድጃ ወጥቶ ሲበርድ፣ ክሬሙ ተስተካክሎ እንዲቀመጥበት አናቱንና ጎኑን በረጅሙ ቢላዋ ትልጠዋለህ። ልጣጩ ቡናማ፣ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ፣ ከኬኩ ራሱ የሚበልጥ ነገር ነበር። «ጠርዝ የሠሪው ዕጣ ነው» ትልና አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራስህ። ከዚያ ሽሮፑ በቅቶ እንደሆነ በማንኪያ፣ ቸኮሌቱ ቀልጦ እንደሆነ በጣት፣ ኩኪሱ በስሎ እንደሆነ ሰበር አድርገህ። በዓለም ላይ እንደ አባቴ የታደለ ሰው የለም እል ነበር።

ማታ ቤት ስትመጣ እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ራት አቅርባ ትጠብቅሃለች። «እናንተ ብሉ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» ትላለህ። «ምን በልተህ?» ስትልህ «ምንም» ትላለህ። እሷም ሳህንህን በሌላ ሳህን ትከድንና «አባትሽ እንደ አበባ ፀሐይ እየሞቀ ነው የሚኖረው» ትለኛለች። ልትተኛ ስትል ደግሞ ረሃቡ ይመጣብሃል። ክዳኑን ታነሣና እዚያው ቆመህ ሁሉንም አፈር ድሜ ታበላዋለህ። ሳትውል ሳታድር አልጋህ ላይ ቁጭ ብለህ «ቃሩ ገደለኝ፣ ሆዴ ከበሮ ሆነ» ማለት ነው። እማዬም «ሆድህ ምን ያድርግ፣ ቀን ረስተኸው ማታ ትጥልበታለህ» ትልሃለች።

ከዚያ ጥማቱ መጣ። ማሰሮ ቢያቀርቡልህ የማትረካ ሆንክ። እግርህ ደነዘዘ፣ የኬኩ ጽሑፍ እየደበዘዘብህ የሰው ስም ማጣመም ጀመርክ። ጎትቼ ክሊኒክ የወሰድኩህን ቀን ሳስታውስ እስካሁን ያስቀኛል፣ ያስለቅሰኛልም። ሲስተሯ ጣትህን ወጋ አድርጋ መለኪያውን አየች፣ ከዚያ አንተን አየች።

«አባባ፣ ዛሬ ምን በሉ?»

«ምንም።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ያው ነው። ማታ ትንሽ ዳቦ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ስኳር ከሰማይ ወረደ?»

«እኔ ምን አውቄ! የተማራችሁት እናንተ።»

አባዬ፣ እየዋሸህ አልነበረም። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እንደ አንተ እውነቱን አይናገርም። እኔ ነኝ ከጎንህ «ይቀምሳል» ያልኩት። ክሬሙን፣ ሽሮፑን፣ ቸኮሌቱን፣ ጠርዙን ስነግራት ሲስተሯ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኚህ ሰውዬማ ቀኑን ሙሉ ገበታ ላይ ናቸው!» አለች። አንተ ቱግ አልክ። «ቅምሻ ምግብ ነው እንዴ? በእኛ ሙያ የቀመሰ በላ አይባልም! እንዲህ ከሆነማ ልብስ ሰፊም የለካውን ሁሉ ለበሰው ሊባል ነው!» ሲስተሯ ከልቧ ሳቀች። «አባባ፣ ሆድ የሙያችሁን ሕግ አያውቅም። የገባውን ይቆጥራል እንጂ ቅምሻ ነው ምሳ ነው ብሎ አይለይም» አለችህ።

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችህ። ምግብ በሰዓቱ፣ ቁጭ ተብሎ። መጀመሪያ ቅጠላ ቅጠሉ፣ ከዚያ ምስሩ ወይ ባቄላው፣ ዳቦው መጨረሻ ላይ፣ እሱም ትንሽ። ሳይቸኩሉ አላምጦ፣ ከተበላ በኋላ ወዲያው ጋደም ማለት ሳይሆን ትንሽ ወዲያ ወዲህ ማለት። የታዘዘልህን ክኒን ደግሞ ከምግብ ጋር። እሺ፣ እሺ፣ እሺ አልካት። እኔ ግን እሺታህን ስለማውቀው ሆዴ አላመነም።

አልተሳሳትኩም። ቀምሼ እተፋለሁ ብለህ ኩባያ አዘጋጀህ። የመጀመሪያውን ክሬም አፍህ ውስጥ አዙረህ አዙረህ፣ ኩባያውን አየኸውና ዋጥከው። «ሰው እንዴት የሠራውን ይተፋል?» አልከን። ዝምታ እንኳ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ጠዋት ክኒኑን ትውጣለህ፣ ቁርሱን «ኋላ» ትላለህ። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ክሬም ትልሳለህ። ስኳርህ እንደ ሕፃን ዥዋዥዌ ሲወጣ ሲወርድ ከረመ።

ከዚያ ያ ጠዋት። ክኒኑን በባዶ ሆድ ወስደህ ትሪውን ከምድጃ ስታወጣ ከነትሪው ወደቅህ። ዝምታ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ጭንቅላትህን ጭኔ ላይ አድርጌ ፂምህ ላይ ያለውን ዱቄት ስጠርግ፣ ከንፈርህ ነጭ ነበር፤ ዱቄቱ ይሁን ደምህ ሸሽቶ መለየት አቃተኝ። «አባዬ፣ አፈር ስሆን ዓይንህን ግለጥ» እያልኩ የለመንኩህን አልሰማህም። ጤና ጣቢያ ደርሰህ ነቃ ስትል መጀመሪያ ያልከው «ኬኩ አረረ?» ነው። ታመህ ተኝተህ ሆነብኝ እንጂ በዚያች ቃል አንቄህ ነበር።

አክስቴ መጥታ «ወንድሜን ከዚህ የስኳር ባሕር አወጣዋለሁ» ብላ ስትወስድህ፣ ልብስህን የሸከፍኩት እኔ ነኝ። አልተከራከርኩም።

አሁን በየሳምንቱ ትደውልልኛለች። ሰላጣውን ሳትጨርስ ዳቦ እንደማታነሣ፣ በየመሐሉ ሹካህን አስቀምጠህ እንደምታወራ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያልክ እሷን ራሷን እንደምትገሥጻት ነገረችኝ። ከምሳ በኋላ አጥር አጥሩን አብራችሁ ትዞራላችሁ አሉ። ቃሩ ጠፍቷል፣ ሆድህ ረግቷል፣ ስኳርህም ልኩን ይዟል። እሰይ፣ እሰይ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ግን አለቀስኩ። አባዬ፣ ቀናሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አንተ ተቀምጠህ ስትበላ አይቼ አላውቅም። ቆመህ ነው የማውቅህ። እማዬም አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሳታይህ ሄደች።

አንተ ደግሞ «ምላሴ እዚህ ዛገ፣ ኬኩ ያለ እኔ ምን ይሆናል?» ትለኛለህ። ልንገርህ። የማንንም ምላስ አታምንም ነበር። እኔ ቀምሼ «ጥሩ ነው» ስል ከኋላዬ መጥተህ ትቀምስ ነበር። አሁን የምቀምሰው እኔ ነኝ፤ ምሳዬን ከበላሁ በኋላ፣ በማንኪያ ጫፍ፣ አንዴ። ጨው ሲጎድል አውቃለሁ። ባለፈው ያቺ ሁልጊዜ ለልጆቿ የምትገዛው አስተማሪ ክሬሙን ቀምሳ «ጋሼ ተመለሱ እንዴ?» አለችኝ። «አልተመለሱም፣ እኔ ነኝ» አልኳት። ኩራቴን ባየህልኝ!

እንግዲህ መልሴ ይኸው። አትመለስ። ይቺን ቃል ስጽፍ እጄ እየከበደኝ ነው፤ አንተም ስታነባት እንደምትከፋ አውቃለሁ። ጓዳው ውስጥ እንደ አንተ የሚወደድ ሰው የለም፣ እንደ አንተ ራሱን የሚጎዳ ሰውም የለም። ኬክ ቤቱን ያለ አንተ እችለዋለሁ። ያለ አባት መኖርን ግን አልችለውም። ተቆጣኝ፣ አኩርፈኝ፣ ብቻ ኑርልኝ።

የፊታችን እሑድ ኬክ ቤቱን እዘጋለሁ። አዎ፣ እሑድ፣ ሰው በሚሰለፍበት ቀን! ዝምታም ሲሰማ «ይገባል» አለ። ለምሳ እመጣለሁ፣ ባዶ እጄን። አክስቴ ያቀረበችውን እበላለሁ፤ ቅጠል ከሆነ ከቅጠሉ አብረን እንጀምራለን። ምሳው እስኪመሽ ቢቆይም አልቸኩልም። አጠገብህ ያለው ወንበር ላይ ማንንም እንዳታስቀምጥ።

ተቀምጠህ ስትበላ ለማየት የጓጓች
ልጅህ